ማን ልበል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር። የሴቶች ክፍል፣ አልጋ ሰባት። ክንዷን ዘረጋችልኝ። ላስቲኩን አሰርኩ፣ የደም ሥሩ በአንድ ጊዜ ተገኘ፣ ቱቦው ሞላ። ስሟን አልጠየቅኩም።

ያቺ ቅጽበት ናት። ሌላ የለም።

የቀረው እንደማንኛውም ቀን ነበር። አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ። የላብራቶሪው ማቀዝቀዣ ዛሬም ያጉረመርማል። አለቃችን (እኛ "ቶሎ ቶሎ" የምንለው፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ) በር ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። "ቶሎ ቶሎ ልጆች! ሐኪሞቹ ሳይገቡ ውጤት!" ቱቦዎቹ እንደ ወትሮው ገና ከላብራቶሪ ሳንወጣ ስምና የአልጋ ቁጥር ተጽፎባቸው ተሰልፈዋል። የእሱ ደንብ ነው። ታካሚው አጠገብ ቆሞ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል ይላል። ስለዚህ አልጋ ሰባት ደርሰን ሰባት የሚለውን እንሞላለን፣ ስምንት ደርሰን ስምንት የሚለውን።

ሰባት ላይ የተኛችው ግን የስምንቷ ነበረች። ጎህ ሲቀድ አልጋ ተቀያይረዋል። ማንም አልነገረኝም። ማንንም አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በኋላ ለስምንቷ፣ ስልሳ ዓመት ለሚሆናት ጡረተኛ ሴት፣ ደም ታዘዘ። በስሟ የተጻፈው ቱቦ ውስጥ ያለው የጎረቤቷ ደም ነው። የደም ዓይነቷ ኤ ነው አልን። ኦ ነበረች። ተረኛዋ ነርስ ደሙን አያይዛላት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሴትዮዋ ተንቀጠቀጠች። ነርሷ ንቁ ናት፣ ወዲያው ዘጋችው። ሴትዮዋ በሕይወት አለች። ኩላሊቷ ግን...

"ወገቤ! ኧረ ወገቤን!" የሚል ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሰምቼ ነበር። ቱቦዎቼን ይዤ አለፍኩ። የገዛ ሥራዬ እየጮኸ መሆኑን አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ታገድኩ።

ቶሎ ቶሎ ቢሮው ጠራኝ። ቁጭ በይ አላለኝም።

"ምን ነካሽ? የታካሚ ስም ሳይጠየቅ ደም ይቀዳል?"

"ቱቦ ቀድማችሁ ጻፉ ያሉን እርስዎ ነዎት።"

"ስም አትጠይቁ ብዬሻለሁ?"

አላለኝም። እውነቱን ነው። እሱ ቶሎ ቶሎ ብቻ ነው ያለው። የቀረውን እኔ ጨመርኩበት።

"ጥቅምት ላይ ደብዳቤ ጽፌልዎት ነበር። ይሄ አሠራር አንድ ቀን ሰው ይጎዳል ብዬ።"

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "የምን ደብዳቤ?"

የምን ደብዳቤ! ሁለት ገጽ። በእጄ የጻፍኩት። ለመዝገብ ቤት ሰጥቼ እነሱ ያደረሱለት። ሄጄ ፋይሉን አስከፈትኩ... የለም። ኮፒ አላስቀረሁም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ በማዕረግ ተመርቄ፣ ኮፒ አላስቀረሁም!

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ወረቀት ሰጡኝ። "የአልጋ 8 ታካሚ ላይ የደረሰው ጉዳት በእኔ ቸልተኝነት ብቻ የተፈጠረ መሆኑን አምናለሁ።" ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፣ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ካልፈረምኩ ጉዳዩ መጋቢት 10 ኮሚቴ ይቀርባል፣ የሙያ ፈቃዴም ሊነጠቅ ይችላል።

"ብቻ" የምትለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት።

እማ ወረቀቱን ተቀብላ እጥፍ አደረገችው። አነበበችው እንዳልል መነጽሯን አላደረገችም።

"ፈርሚና ይለፍ ልጄ። እግዚአብሔር ያያል።"

"እኔም እያየሁ ነው እማ።"

"አፍሽ!" አለች። ከዚያ ወጥ ልታማስል ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብዙ አማሰለች። ወጥ ያን ያህል አይማሰልም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቤተ ክርስቲያን። እማ በግድ ወሰደችኝ። ሁሉም ይዘምራል፣ የእኔ አፍ አልከፈት አለ። አፌን ብከፍት የሚወጣው መዝሙር አይደለማ።

ስንወጣ የእማ የጸሎት ጓደኛ ክንዴን ያዘችኝ። ወሬው ደርሷታል።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። ለበጎ ነው። እግዚአብሔር አንቺን ሊያስተምር ፈልጎ ነው።"

"እኔን ለማስተማር የሌላ ሰው ኩላሊት ያበላሻል? ምን ዓይነት መምህር ነው?"

እማ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የምትቆነጥጠኝ ቦታ ላይ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው።

ቤት ገብቼ ተንበረከክኩ። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። አለህ? አልኩ። ካለህ ያን ዕለት ጠዋት የት ነበርክ? ሁለት ክንድ ነበር ከፊቴ። አንዲት ቃል ብቻ ብታስታውሰኝ... አንዲት ቃል! "ስምሽ ማን ነው?" ሦስት ቃል ይሁን። ለዓለም ሁሉ ቃል ነበረህ።

ዝም።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ላይ የምንጣፉ መስመር ታትሟል። ከጸሎቱ የተረፈኝ እሱ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከአልጋ አልወረድኩም። ወርጄስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

እኔ ባልኖር ኖሮ ያቺ ሴት ዛሬ ጓዳዋ ገብታ ሻይ ትጥድ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሌላ መልስ ፈልጌ አጣሁ።

እማ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሬን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘችው። እስክትነሣ ድረስ አልለቀቀችውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ሄድኩ። ወደ ታካሚዋ እንዳልቀርብ ተነግሮኛል። ሄድኩ።

የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አራት ማሽን፣ አራት ወንበር፣ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ድምፅ የሌላት። በቀጫጭን ቱቦዎች ደም ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። አምስት ዓመት ከደም ጋር ስሠራ ቱቦ ውስጥ የቆመ ደም ነው የማውቀው። ሲሄድ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያምራል? በር ላይ ቆሜ አፍጥጬ ቀረሁ። ሰው ውስጥ ያለው ይሄ ነው? ዕድሜ ልኩን፣ ማንም ሳያየው፣ እንዲህ ሲሮጥ?

ጥግ ላይ ያለችው ትንሽዬ ሴትዮ፣ ነጭ ፀጉሯ አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀና አለች።

"ማን ልበል?"

እንደ ስልክ። ልክ እንደ ስልክ! በኋላ ነው የሰማሁት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። የማንንም ሰው ድምፅ ስሙን ሳትጠይቅ አታሳልፍም ነበር።

ስሜን ነገርኳት። የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ አልኩ። ከዚያ... "ያን ዕለት ደም የቀዳሁልዎት እኔ ነኝ።"

ማሽኑ ጢጥ ጢጥ አለ። አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"መርፌሽ አላመመኝም ነበር" አለች። "እጅሽ ጥሩ ነው። ለጎረቤቴም ነገርኳት፣ ይቺ ልጅ እጇ ጥሩ ነው አልኳት።"

እዚያው ብወድቅ በተሻለኝ።

"ግን አልጠየቅሽኝም።"

"አልጠየቅኩም እማማ።"

"ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ስም መንገር እወዳለሁ።" ፊቷን ወደ ማሽኑ መለሰች። "ተናድጄብሻለሁ። አልዋሽሽም። አሁን ሂጂ። ማክሰኞ ነይ።"

ማክሰኞ ነይ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ነይ ያለችኝ ልትሰድበኝ ይሆን? መብቷ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ፈርሚ ይለኛል ወይ አይዞሽ ይለኛል። ተናድጄብሻለሁ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እንዴት እንደቀለለኝ! የሚገርም ነገር ነው። ሐሙስ ምሳ በላሁ። እማ አላመነችም፣ ሳህኑን አንሥታ አየችው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

አልሰደበችኝም። ወንበር አምጪ አለችኝ።

"ማን ልበል?" አለች መጀመሪያ። እንደገና። ስሜን ታውቀዋለች እኮ! ነገርኳት። "እሺ፣ ተገናኝተዋል" አለችና ራሷ ሳቀች።

ያን ጠዋት ለምን አልጋ እንደተቀየሩ ጠየቅኳት።

"ልጅቷ፣ ጎረቤቴ፣ ስታለቅስ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ግድግዳ እያየሁ መሞቴ ነው አለችኝ። መስኮቱ በእኔ በኩል ነው፤ ዛፍ ይታያል፣ ወፎች አሉ፣ ሲጨቃጨቁ ደግሞ! ተነሺ አልኳት። ነርሶቹ እንዳይቆጡን ቀስ ብለን፣ ትራሳችንን ታቅፈን፣ እንደ ሌባ ተቀያየርን።"

ቦታዋን ሰጠቻት። በዚያ ምክንያት ነው ሁሉም።

"መስኮቱን ባይሰጧት ኖሮ..."

"ተይ። እሱን እኔም ሦስት ቀን ሙሉ አስቤዋለሁ። በአራተኛው ልጅቷ ልትጠይቀኝ መጣች። ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶት። አሁንም ቢሆን እሰጣታለሁ።"

"እግዚአብሔርንስ አልተቆጡትም?"

"ተቆጣሁት እንጂ! ዝም ያልኩ መሰለሽ? ይሄ ማሽን ይመስክር፣ ስጮህበት ነው የከረምኩት።" ክሩን ይዛ መነጽሯን አወዛወዘች። "ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ስልክ ላይ ሲጮህ ሰምቻለሁ ልጄ። የሚጮህ ሰው መስመር ላይ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የዘጋው ነው። አንቺ ዘግተሻል እንዴ?"

"ዘግቻለሁ።"

"ደውለሻል ግን?"

"አንድ ቀን። አልመለሰም።"

"አንድ ቀን!" አለች ለአጠገቧ ሽማግሌ ታካሚ። "ሰማህ? አንድ ቀን ደውላ ነው።" ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ። ቱቦዎቹ እስኪወዛወዙ። እኔም... ከየካቲት 4 ወዲህ የመጀመሪያዬ።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ቀጥዬ የምጽፈውን እንዳለችው ልጽፈው እፈልጋለሁ፣ አንዲት ቃል ሳላጎድል።

"ከሞት ሲነሣ ቁስሉን ይዞት ነው የተነሣው። ይሄን አስበሽው ታውቂያለሽ? ሞትን የሚያህል ያሸነፈ፣ አንዲት ጠባሳ ማጥፋት ያቅተዋል? አላቃተውም። አልፈለገም። እጁን ዘርግቶ አሳያቸው። የሆነው ሆኗል ማለቱ ነው፤ የለም አልተደረገም አይባልም። ግን የመጨረሻው እሱ አይደለም።"

አልተካደም። የመጨረሻውም አልሆነም።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። አውቶቡሱ እንዳለፈኝ እንኳ አላስተዋልኩም። እስከ ዛሬ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የታየኝ። ወይ ወረቀቱን ፈርሜ ያልሆነውን እንደሆነ ማለት፣ ወይ የሆነው ሆነ፣ ሁሉም አበቃ ብዬ አልጋዬ ላይ መቅረት። ሦስተኛ እንዳለ ማን ያውቃል? ቁስሉን ይዞ መነሣት! ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ... የት ነበር ጆሮዬ?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ደወልኩ። ስጮህ ነበር፣ አልዋሽም። እማ በሌላው ክፍል ሬዲዮኑን ከፍ አደረገች፤ እንዳልሰማችኝ ልታስመስል።

መልስ? ድምፅ አልሰማሁም። ግን መሐል ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በመቃብሩ ደጃፍ ቆማ የምታለቅሰው ሴት፣ አትክልተኛው መስሏት። ፊቱን እያየች አላወቀችውም። ስሟን ሲጠራት ነው ያወቀችው። ስሟን ብቻ።

መጮኼን አቆምኩ።

ከሞት ተነሥቶ፣ ዓለም ሁሉ ሥራ እየጠበቀው፣ አንዲት የምታለቅስ ሴት ፊት ቆሞ ስሟን ይጠራል። አልቸኮለም! እኔ ሠላሳ ቱቦ ለመሙላት ቸኩዬ... እሱ አልቸኮለም።

ፀጉሬ ቆመ። ስሜን ቢጠራኝ ብዬ ፈራሁ፤ ባይጠራኝም ብዬ ፈራሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። "ብቻ" ስለምትለው ቃል። ስለ ደብዳቤው።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለችኝ፣ እንዲሁ፣ ብርቱካኗን እየላጠች። "በልቤ ሰኞ ዕለት ነው ያልኩሽ። ዛሬ ነው የምነግርሽ።"

እንባዬ መጣ።

"አታልቅሺ፣ አላለቀም። እኔ ይቅር ያልኩት አንቺ ያጠፋሽውን ነው። ያላጠፋሽውን ደርበሽ ብትፈርሚ ምኑን ይቅር ልበል? የሌላውን ድርሻ ማን ይመልስ? ነገ ሌላ ሴት ሰባት ላይ ትተኛለች።"

"ደብዳቤው ግን ጠፍቷል እማማ።"

"ደብዳቤ ይጠፋል። ቁጥሩስ? እኛ መሥሪያ ቤት ገቢ ደብዳቤ ሁሉ በትልቁ መዝገብ ቁጥር ሳይሰጠው አይገባም ነበር። ቀኑ፣ ከማን፣ ለማን፣ ስለ ምን። ጠይቂ። ስትጠይቂ ደግሞ..." ብርቱካኑን አቀበለችኝ። እሷ መብላት የተከለከለችው ነው፣ ለኔ ነበር የላጠችው። "ደግሞ የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ስም ጠይቂ መጀመሪያ።"

ዓርብ፣ የካቲት 21

መዝገብ ቤት። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችውን ሴት አምስት ዓመት አውቃታለሁ። ስሟን ግን አላውቅም። ጠየቅኳት።

"እንዴ፣ ምነው?" አለች። "ከሰስሽኝ እንዴ?"

"ኧረ አይደለም። አምስት ዓመት ሰላም እያልኩሽ ስምሽን ባለማወቄ አፍሬ ነው።"

አየችኝ። ነገረችኝ። ከዚያ፣ ያን ዕለት ፋይሉን ሳስከፍት አይታኝ ነበርና፣ ሳልነግራት ትልቁን መዝገብ አወረደችው። አቧራው አስነጠሳት። ጣቷን በገጹ ላይ እያንሸራተተች... ጥቅምት 14። ከእኔ። ለላብራቶሪ ኃላፊ። "የናሙና ቱቦ ቀድሞ መጻፍ ስለሚያስከትለው አደጋ።" ከጎኑ የተቀባይ ፊርማ። የቶሎ ቶሎ ፊርማ። በችኮላ የተጫረ፣ እንደ ዝንብ እግር።

"ኮፒ ላድርግልሽ?" አለች።

"ሁለት አድርጊልኝ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ይሄን እንዴት ልጻፈው? ለማን ልንገረው?

ወደ እጥበቱ ክፍል ስሄድ በር ላይ ሳልደርስ ድምፅዋ መጣ። "ልጄ! ልጄ! ሸናሁ!"

ሃያ አምስት ቀን ጠብታ ያልነበራት ሴት። ነርሶቹ ይስቃሉ፣ ሽማግሌው ታካሚ እልል ይላል። በመለኪያው ዕቃ ውስጥ... ግማሽ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ቀለሙ እንደ ቀጭን ሻይ። አምስት ዓመት ሙሉ በቀን አርባ፣ ሃምሳ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ተቀብያለሁ፤ አፍንጫዬን ነፍቼ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ ቀጣይ ብዬ። ዛሬ በሁለት እጄ ያዝኩት። ኩላሊት የሚያህል ነገር፣ የጡጫ ያህል ሥጋ፣ ማንም ሳያዝዘው ሃያ አምስት ቀን ጨለማ ውስጥ ዝም ብሎ ራሱን ሲጠግን ነበር። እኛ ሁላችን ሞቷል ስንል።

"ምን ታፈጥጫለሽ፣ ሽንት አይተሽ አታውቂም?" አለችኝ።

"አይቼ አላውቅም እማማ" አልኩ። እውነቴን ነው።

ሐኪሙ ተጠንቀቁ ብሏል። ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስ ይችላል፣ እጥበቱም ይቀጥላል። እሺ። ዛሬ የያዝኩትን ይዣለሁ። ደግሞ ለራሴ ልመስክር፤ ተስፋው ከዚህ በፊት ነው የመጣው። ጠብታ ሳይኖር። ይሄ ምርቃት ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ነገ ነው። እማ ቀሚሴን ተኮሰችልኝ። "አትፈርሚም ማለት ነው?" አለች። አልፈርምም አልኩ። ተኩሱን ቀጠለች። "እንግዲያው ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ስትፈሪ ትጎብጫለሽ።"

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ረጅም ጠረጴዛ። አምስት ሰዎች። ቶሎ ቶሎ ጥግ ላይ፣ ለብቻው ወንበር። ሰብሳቢው ጉንፋን የያዘው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። ገና "የአልጋ ስምንት ታካሚን በተመለከተ..." ሲል በሩ ተከፈተ።

ሴትዮዋ በተሽከርካሪ ወንበር መጣች። የምትገፋት ያቺ ልጅ ናት፣ የመስኮቷ ልጅ፤ ድና ወጥታለች። እማማ ልመስክር ብላ ራሷ አመልክታ ኖሯል፤ ለኔ ትንፍሽ አላለችም!

"ይቅርታ ዶክተር" አለች። "ከመጀመራችን በፊት፣ ማን ልበል?"

ሰብሳቢው መሐረቡን እንደያዘ ቀረ። "እ... እኔን ነው?"

"እርስዎን።"

ስሙን ነገራት። መልሳ ጠራችው፣ አስተካክላ። ቀጥሎ ያለችውን። ቀጥሎ ያለውን። አንዱ ሳቀ፣ ሌላዋ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ለምን እንደተነሣች ራሷም ያወቀች አይመስለኝም። አምስቱን ስም አንድ በአንድ ጠርታ ጨረሰች። ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ቅድም ኮሚቴ ነበር፤ አሁን ሰዎች ናቸው።

"የእኔስ?" አለች።

ወረቀት ገለጡ። እንደገና ገለጡ። ዘጠኝ ገጽ ሪፖርት ውስጥ አልጋ ስምንት እንጂ ስሟ አልነበረም።

ተነሣሁ። ቀጥ ብዬ። ስሟን ከነአባቷ ጠራሁት።

ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ የሆነውን... ይሄን መጻፍ አልችልም። በመቃብሩ ደጃፍ ያለችው ሴት ፊቷ እንዲህ ሆኖ ይሆን?

ከዚያ ተናገርኩ። "ያን ዕለት ይሄን ስም ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ድርሻዬን በጽሑፍ አምናለሁ። 'ብቻ' በምትለው ቃል ላይ ግን አልፈርምም።" የመዝገቡን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሰብሳቢው አነበበ። ወደ ጥግ አየ። ቶሎ ቶሎ መነጽሩን አወለቀ። መጥረግ ጀመረ።

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። "አንተስ ልጄ፣ ማን ልበል?"

ስሙን ነገራት። አምስት ዓመት ሙሉ በቅጽል ነው የምጠራው፤ ስሙ ለጆሮዬ አዲስ ሆነብኝ። እኔም እሱን...

"ደብዳቤው ደርሶህ ነበር?"

መነጽሩን መጥረግ አቆመ። "ጊዜ አልነበረኝም" አለ። በጣም በቀስታ። "ላነበው ነበር። መሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም... ካለፈው ሳምንት በቀር።"

አልቀደደውም። አላቃጠለውም። ቶሎ ቶሎ ሲል ሳያነበው ቀረ፤ ሲያገኘው ደግሞ ዝም አለ። አንድ ወር ሙሉ ልጠላው ኃይሌን ሁሉ ጨርሼ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው የደከመው ሰው ነው። ይቅር አልኩት? ገና። ግን ፊቱን አየሁት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ውሳኔው መጣ። እኔ፣ የሦስት ወር እገዳ። እሱ ከኃላፊነት ተነሣ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ቱቦ የሚጻፈው ታካሚው አጠገብ ነው፣ ስሙን በራሱ አፍ ከተናገረ በኋላ።

እማ ሦስት ወሩን ሰምታ ቆዘመች። እኔ ፈረምኩ። ድርሻዬ ነው። በመልካም እጅ ጽሑፍ ፈረምኩ፤ ኮፒም አስቀረሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር። የሴቶች ክፍል።

ባዶ ቱቦ፣ ምንም ያልተጻፈበት። እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ። ሰባት ላይ አንዲት ወይዘሮ ግድግዳውን ዞረው ተኝተዋል።

"እንደምን አደሩ። ማን ልበል?"

"ወይ ጣጣ፣ ነርሷም ጠይቃኛለች እኮ!"

"እኔ ደግሞ መስማት እፈልጋለሁ።"

ነገሩኝ። እያዩኝ ጻፍኩት። ደሙ ሲሞላ አየሁት፣ ጥቁር ቀይ፣ ትኩስ። ያ ግርማ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

የስልኳ እመቤት እጥበት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት። አንደኛው ኩላሊት ይሰንፋል አሉ። "ይስነፍ፣ እኔም ጡረታ ነኝ" አለች። ክንዷ ላይ የመርፌው ጠባሳ ቀርቷል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እጅጌዋን ሰብስባ ለእማ ስታሳያት ነበር፣ ሳትደብቅ። እማ በጣቷ ነካችው። የእማ የጸሎት ጓደኛም ቆማ ታያለች፤ ለበጎ ነው አላለችም።

እኔም ሳልጎብጥ ልጻፈው፣ ኋላ ብረሳ ገልጬ እንዳነበው። ሰው በአልጋ ቁጥር ሲጠራ ከእንግዲህ አልቀበልም፤ አለቃም ይበለው፣ ችኮላዬም ይበለው። ያላጠፋሁትን ተሸክሜ ዝም እንድል፣ ዝምታዬም እምነት እንዲባል አልቀበልም። የሰውን ስቃይ እኔ ትምህርት እንዳገኝ የተላከ ነው የሚለኝንም፣ ማንም ይሁን፣ አልቀበልም። ያ የካቲት 11 ያሰብኩት ሒሳብ ደግሞ፣ "እኔ ባልኖር ኖሮ" የሚለው... ተመልሶ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ሲመጣ ስሙን እጠይቀዋለሁ። እሱንም አልቀበለውም። እንደዚያች የመቃብሩ ደጃፍ ሴት፣ የእኔም ስሜ ተጠርቷል።